የፊት ፍሬኔን በቤት ውስጥ ለመጠገን ስድስት ሳምንት የፈጀብኝ ምክንያት

አፍንጮ በር ባለው የቤተሰቤ ግቢ ጥግ፣ ቀድሞ ከሰልና ማገዶ ይቀመጥባት የነበረች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ላለፉት አራት ዓመታት ሞተር ሳይክሌን የምጠግነው በዚህች ክፍል ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት መቀየር፣ ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ካንዴላ ማጽዳትና የፍሪሲዮን ገመድ መለወጥ የለመድኳቸው ሥራዎች ስለሆኑ የፊት ፍሬኑ ሲደክም ለመካኒክ መስጠት አልታየኝም። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ መስሎኝ የጀመርኩት ሥራ ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ በመካከሉም አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጎማው እንደ ተያዘ ልወድቅ ደርሼ ነበር። ባለ ዲስክ ፍሬን ሞተር የምትነዱና በቤታችሁ የምትጠግኑ ሁሉ እኔ ያለፍኩበት እንዳይደገምባችሁ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ሞተሬ 150 ሲሲ ነው። የፊቱ ፍሬን በዘይት የሚሠራ ዲስክ ሲሆን የኋላው ደግሞ ተራ ከበሮ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄደው በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ ከወጣሁ በኋላ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ጀምሮ የቸርችልን ጎዳና እስከ ለገሃር በመውረድ ነው። ይህን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሁኔታ በጣቱ ያውቀዋል። የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ መስከረም ሲጋመስ የፍሬኑ እጀታ እየላላ፣ ሲጨበጥም ወደ መሪው እየተጠጋ መምጣቱን አስተዋልኩ። የዘይት ማጠራቀሚያዋን መስኮት ስመለከት ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። መጠኑ ከቀነሰ ወይ አንድ ቦታ ይፈሳል፣ ወይም የፍሬኑ ሸራ ስላለቀ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ወጥቶ ዘይቱ የኋላውን ባዶ ቦታ ሞልቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ዘይት ከመጨመር በፊት የሸራውን ውፍረት ማየትና የሚያፈስ ቦታ መኖሩን መፈለግ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዕለቱ እሑድ ስለነበረና አብዛኛው ሱቅ ስለተዘጋ፣ መንገድ ዳር ካለ አንድ አነስተኛ የመለዋወጫ መሸጫ ተከፍቶ ከተጋመሰ ጠርሙስ ላይ ጥቂት አስቀድቼ ጨመርኩ። ሻጩ የፍሬን ዘይት ነው አለኝ፤ ጠርሙሱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ግን ተፍቆ አይነበብም ነበር። ቀለሙ ወደ ቀይ ማለቱን አይቻለሁ። በቀለም ዘይት አይለይም ብዬም አለፍኩት፤ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ቆም ብዬ እንድጠይቅ ግን ሊያደርገኝ ይገባ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹንና ፒስተኑን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ፈትቼ ሳይ ሸራዎቹ በእርግጥም አልቀው የመለኪያ ቦያቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል፤ ፒስተኑ ሲገፋ ደግሞ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ቀደም ብዬ ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ ሞልቼው ስለነበር ዘይቱ በክዳኑ ጠርዝ ሞልቶ በነዳጅ ታንከሩ ላይ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ቀለምን ይበላል። ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ያጠቡት እንደሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ እኔ ግን ያየሁት ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ስለነበር የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀለሙ አብጦ ተላጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጠራቀሚያውን ከመክፈቴ በፊት ታንከሩን በወፍራም ጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ውኃ የሞላበት ባልዲም አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ስለ ሸራው አቧራም አንድ ነገር ልጨምር። በአፍ እፍ ብሎ ማራገፍ የተለመደ ቢሆንም ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

አዲስ ሸራ ገብቶም እጀታው እንደ ላላ ቀረ። ይህ በመስመሩ ውስጥ አየር እንዳለ ያመለክታል፤ ዘይት ሲጨመቅ መጠኑ አይለወጥም፣ አየር ግን ስለሚታመቅ የእጃችን ኃይል ሸራው ጋ ሳይደርስ አየሩን በማመቅ ያልቃል። አየሩን ለማውጣት ከመድኃኒት ቤት ትልቅ ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። ቱቦው ብርሃን ስለሚያስተላልፍ አረፋውን ለማየት ይመቻል። ቱቦውን በካሊፐሩ የአየር ማውጫ ቡሎን ላይ ሰክቼ፣ ቡሎኑን በጥቂቱ አላልቼ በሲሪንጁ ከታች መሳብ ጀመርኩ። አረፋ መጣ። ማጠራቀሚያውን እየሞላሁ ደጋግሜ ሳብኩ፤ አረፋው አሁንም አላቆመም። ሁለት ሙሉ ቅዳሜ በዚህ መልኩ አለፈ፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ዘይትም ባከነ። የኋላ ኋላ እንደተረዳሁት ያ ሁሉ አረፋ ከፍሬኑ መስመር የሚመጣ አልነበረም። የአየር ማውጫው ቡሎን ላላ ሲል ሲሪንጁ የሚስበው ዘይቱን ብቻ ሳይሆን በቡሎኑ ጥርስ ዙሪያ የሚገባውን የውጭ አየርም ጭምር ነው። ስለዚህ አረፋ ማየት ብቻውን መስመሩ አየር አለበት አያሰኝም።

በዚሁ ትግል ውስጥ የቡሎኑን ራስ አበላሸሁት። ቡሎኑ 8 ቁጥር ሲሆን እኔ የተጠቀምኩበት ቁልፍ ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ ስለነበር በዝገት የተያዘውን ማዕዘን ላጠው። ለዚህ ሥራ ባለ ስድስት ማዕዘን የዞረ ቁልፍ ብቻ መጠቀም፣ ከመፍታት በፊትም የዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ማሳደር ይሻላል። ሲታሰርም ይህ ቡሎን ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ በአብዛኛው ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው የሚጠብቀው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ያለ ልክ ካጠበቁት ካሊፐሩ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

በአራተኛው ሳምንት ስልቱን ቀየርኩ። የእህቴን ልጅ እጀታው ላይ አቁሜ «ጨብጥ!»፣ «ያዝ!» እያልኩ፣ እሱ ይዞ ሳለ ቡሎኑን ሩብ ዙር ከፍቼ ዘይቱ እንደወጣ እዘጋለሁ፤ ከዘጋሁ በኋላ ብቻ «ልቀቅ!» እለዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባና ቡሎኑ ክፍት ሆኖ እጀታው ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። የቱቦው ጫፍ በአንድ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ባለ ዘይት ተጠልቆ ነበር። ከዚያም መሪውን አዙሬ የላይኛው ማስተር፣ ማለትም እጀታው ጋ ያለው ዘይቱን የሚገፋው ክፍል፣ ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ እንዲሆን አደረግሁ፤ እጀታውንም ጨብጬ በካላማዳሪ ቁራጭ አስሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው እጀታው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ አገኘሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት በተለመደው መንገድ ወረድኩ። የቸርችልን ጎዳና ሳጋምስ ሞተሩ ከወትሮው የከበደ መሰለኝ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ስደርስ እጀታውን ሳልነካው የፊት ጎማው ይይዝ ጀመር፤ ወደ ግራ ሳት ብሎ ሊጥለኝ ሲል በኋላ ፍሬኑ ደግፌ ጠርዝ ያዝኩ። ወርጄ ልገፋው ብል ንቅንቅ አልል አለ። ከጠርሙሴ ውኃ ጠብ ሳደርግበት ዲስኩ «ሽሽ» ብሎ አተነነው። የመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ 8 ቁጥር ቁልፍ ስለነበረ የአየር ማውጫውን ቡሎን በጥንቃቄ አላላሁት፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማውም በዚያው ቅጽበት ተለቀቀ። ሞተሩን እስከ ቤት በሰው እርዳታ እየገፋሁ መለስኩት።

የዚያን ዕለት ማታ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጥገና ያሳለፉ ሰው፣ የክፍሏን መብራት አይተው ገቡ። አዲስ ካሊፐር ልገዛ ማሰቤን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ዘይቱ ሄዶ መመለሻ አጥቷል። የት ጋ እንደታፈነ ሳታውቅ አንዲት ዕቃ እንዳትገዛ» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ ነው የማውቀው ጋሼ?»

«ከላይ ወደ ታች እየፈታህ ነዋ። ጎማው የሚለቀው የቱን ስትፈታ እንደሆነ እይ፤ ራሱ ይነግርሃል።»

በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነበር፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ሲል መጀመሪያ የሚላላው ከላይኛው ማስተር ጋር ቱቦውን የሚያያይዘው ቡሎን ነው፤ ዘይቱ ስለሚረጭ በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህን ሲያላሉት ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ የታፈነው ማስተሩ ውስጥ ነው። እዚያ ሳይለቅ ቀርቶ የካሊፐሩ አየር ማውጫ ሲከፈት ብቻ ከለቀቀ ችግሩ በመካከል ያለው ቱቦ ነው፤ የቆየ የላስቲክ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ ሊያብጥና ዘይቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊያሳልፍ ይችላል። አየር ማውጫው ተከፍቶም ጎማው እንደ ተያዘ ከቀረ ጉዳዩ የዘይት ግፊት አይደለም፤ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀዋል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ገንዘብም አያስወጣም። የተፈታው ሲታሰር ግን የገባ አየር እንደገና መውጣት አለበት፤ የመዳብ ሮንዴላዎቹም በአዲስ መተካት አለባቸው። አዲስ ባላገኝ ጊዜ አሮጌዎቹን በጋዝ ምድጃ ላይ እስኪቀሉ አግዬ አቀዝቅዤ መልሻቸዋለሁ፤ መዳብ ሲግል ስለሚለሰልስ እንደገና ይጨመቃል፤ ይህ ግን ጊዜያዊ መፍትሔ ነው።

እጀታውን ጨብጬ ጎማውን አስያዝኩትና ሙከራውን አደረግሁ፤ የላይኛውን ቡሎን ገና ላላ ሳደርገው ጎማው ተለቀቀ። ማስተሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ፣ ዘይቱን በሲሪንጅ መጥጬ፣ በስልኬ መብራት ወለሉን ተመለከትኩ። እዚያ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው በግልጽ ይታያል፤ ሁለተኛው ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ነው። እጀታው ሲለቀቅ በካሊፐሩ ውስጥ ያለው ግፊት የሚተነፍሰው በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ከተዘጋች በመንገድ ላይ እየሞቀ የሚያብጠው ዘይት መውጫ ያጣል፤ ሸራውን በዲስኩ ላይ ይገፋል፤ ሸራው ሲፈጭ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ዘይቱን የበለጠ ያሳብጠዋል፤ በመጨረሻም ጎማው ይታሰራል። ቀዳዳዋ ክፍት መሆኗን ለማወቅ ጥቂት ዘይት አድርጎ እጀታውን ቀስ ብሎ መጀመሪያው ላይ ብቻ መሳብ ነው፤ ክፍት ከሆነች ከዘይቱ ወለል ላይ ትንሽ ፏፏታ ብቅ ትላለች። ዐይን ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል። የእኔዋ ምንም አላሳየችም።

ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ነቅዬ ቀዳዳዋን ወጋኋት። ትንሽ ቡናማ ጭቃ ወጣ፤ ፏፏታዋም ታየች። በድጋሚ አየር አውጥቼ ሁለት ቀን ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን ጎማው እንደገና መያዝ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ምሽት ሞተሩን ለመሸጥ አስቤ ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ ማስተሩን ከመሪው አውርጄ ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። ፒስተኑ ላይ ያለውን ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚገፋውን የላስቲክ ኩባያ፣ በጣቴ ይዤ ሳየው ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ መስሎ አብጧል፤ ሲጫኑትም ይለሰልሳል። እጀታው ተለቆ ፒስተኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ከንፈሩ ከጠባቧ ቀዳዳ በስተኋላ ማረፍ ሲገባው፣ በማበጡ ምክንያት እላይዋ ላይ ተቀምጦ ይደፍናታል። ስለዚህ የመዳብ ክሩ ቆሻሻውን ቢያወጣም በሽታውን አልነካውም።

ላስቲኩን ምን አሳበጠው? እዚህ ላይ ያ ቀላ ያለው ዘይት ትዝ አለኝ። የፍሬን ጎሚኒዎች የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል የላስቲክ ዓይነት ነው። ይህ ላስቲክ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉትን የግላይኮል ዘይቶች ለዓመታት ይችላል፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝን ማንኛውንም ዘይት ግን አይችልም። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ናፍጣና ቤንዚን ሁሉ ያሳብጡታል። በብዙ ጋራዦቻችን የተፈታን ዕቃ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ የተለመደ ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የፍሬን ውስጠኛ ክፍሎች የሚታጠቡት በአዲስ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ ነው።

የተጠራጠሩትን ዘይት በቤት መፈተን ይቻላል። ከማስተሩ መጥጬ ካስቀመጥኩት አሮጌ ዘይት ጥቂቱን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩ። የግላይኮል ዘይት ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። የእኔው ግን ከፊሉ ሲዋሐድ ከፊሉ እንደ ሾርባ ቅባት በላይ ተንሳፈፈ፤ ጠርዙም ቀላ ያለ ነበር። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ም ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ ይንሳፈፋል፤ እሱም ቢሆን ከዶት 4 ጋር መቀላቀል የሌለበት ስለሆነ የሚንሳፈፍ ዘይት በእንዲህ ያለ ፍሬን ውስጥ ቦታ የለውም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘይት ከገባ ዘይቱን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ የነካው ላስቲክ ሁሉ መለወጥ አለበት። የማስተሩን ጎሚኒ፣ የካሊፐሩን ሁለት ቀለበቶች፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን ላስቲክና ቱቦውን ልገዛ አሮጌዎቹን በፌስታል ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ጎሚኒ ለዐይን አንድ ዓይነት ነበር፤ በቬርኒየር ስለካው ግን ለ11 ሚሊ ሜትር የተሠራ ሲሆን የእኔ ማስተር 12.7 ነው። ያበጠውን አሮጌ ጎሚኒ መለካት ስለሚያሳስት የሚለካው ማስተሩ ራሱ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ልኩ በብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከመግጠሜ በፊት የማስተሩን ውስጥ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቢኖር ኖሮ አዲስ ጎሚኒም አያድነውም ነበር፤ ማስተሩን በሙሉ መለወጥ ግድ ይሆናል። አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ የፍሬን ዘይት አርሼ፣ ከንፈሩ ዘይቱ ወደሚወጣበት አቅጣጫ እንዲሆን አድርጌ አስገባሁት።

ዘይቱን በዚህ ጊዜ ያልተከፈተ ዶት 4 ገዛሁ። ዶት 4 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው መለኪያው 155 ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ፣ የመለያ ጽሑፉ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ለእንጦጦ ቁልቁለት አይታመንም። ከላይ ወደ ታች ከመሳብ ይልቅ ከታች በሲሪንጅ ወደ ላይ ገፋሁት፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ ሁለት ቅዳሜ ያታገለኝ ሥራ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሸራዎቹም ዘይት ስለነካቸው፣ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደገና በአዲስ ተኩኋቸው። ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግም አይመለስም።

መጀመሪያ በግቢው ውስጥ፣ ከዚያም እሑድ ማለዳ በሰፈራችን ጭር ያለ መንገድ ላይ ሃያ ያህል ጊዜ ቀስ ብዬ እየያዝኩ ሸራውን ከዲስኩ ጋር አላመድኩት። በየመሐሉ የፊት ጎማውን አንሥቼ በእጄ አዞርኩት፤ ዲስኩ ላይም ውኃ ጠብ አደረግሁ። ጎማው በነጻ ዞረ፤ ውኃውም አልተነነም። ይህንን ከፈተሽኩ በኋላ ብቻ የቸርችልን ቁልቁለት ወረድኩ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስት ወር ሞልቶታል። በቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህን የጎማ ማዞር ሙከራ ሳታደርጉ ወደ አስፋልት አትውጡ፤ ማስተር ወይም ካሊፐር ፈትታችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

ያበጠውን ጎሚኒ በወረቀት ጠቅልዬ ዘይቱን ወደሸጠልኝ ሰው ወሰድኩት። ለጠብ አልሄድኩም። አዲሱን ጎሚኒ ከአሮጌው ጎን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ፣ ከዚያው ጠርሙስ ላይ በቡሽ ክዳን ቀድቼ ውኃ ውስጥ ጨመርኩለት። ቀዩ ዘይት ሲንሳፈፍ ዝም ብሎ አየው። ጠርሙሱን ከሌላ ሰው ጋር በጋራ እንደሚጠቀሙበትና የመሪ ዘይት ሳይቀዳበት እንዳልቀረ ነገረኝ፤ ከመደርደሪያው አንሥቶም ከታች አስቀመጠው። ከዚያም ከዚሁ ጠርሙስ የወሰዱ ሁለት የሚያውቃቸው ሞተረኞች እንዳሉ አስታወሰ፤ ስልካቸውን ፈልጎ ሲደውል ትቼው ወጣሁ።